ከሥራ መልስ እጄ አልጽፍ ሲለኝ የጠየቅኩት ጥያቄና የመጡልኝ 24 መልሶች

መነሻው ጥያቄ

ሰላም ወገን። ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ እጄ ከኪቦርድ አይነሳም። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት። ማታ ቤት ገብቼ የራሴን ልብ ወለድ ልጽፍ ስቀመጥ ግን አንድ መስመር አልወጣ ይለኛል። ከወጣም የቢሮ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጇን ስለምትሸኝ እናት እየጻፍኩ ነበር። እናትየዋ ልጇን አቅፋ የምትላት ነገር ላይ ስደርስ ምን ብጽፍ ጥሩ ነው፤ በሄደችበት ሁሉ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንድታደርግ አሳሰበቻት። እናት እንዲህ አትናገርም። የወሎ እናትማ በፍጹም። አልሳቅኩም፣ ፈራሁ። እናቴ ያስተማረችኝ አማርኛ ከእጄ እየወጣ መሰለኝ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። ሌላ ሥራ እየሠራችሁ የምትጽፉ ሰዎች ተነሳሽነቱን ከየት ታመጡታላችሁ? ጊዜ እንኳ አለኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የሚነካኝ የለም። የጠፋብኝ የሚያስነሳኝ ነገር ነው።

ይህን የጠየቅኩት ሐሙስ ማታ ነበር። እስከ እሑድ 24 መልስ መጣ። አንዳንዶቻችሁ የጥያቄና መልሱ ክር ስለረዘመባችሁ ሰብሰብ አድርጌ እንድነግራችሁ ጠይቃችሁኛል። እንደ ቁጥራቸው፣ በራሴ አፍ እተርካቸዋለሁ። የተጋጩትንም አልደበቅኩም።

መልስ 1

ፒያሳ ባንክ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። በትህትና ሰላምታ አቅርቦ፣ የሱም ችግር ይኸው እንደሆነ ነግሮን፣ የሌሎችን መልስ ለማንበብ እንደሚጠብቅ ጽፎ ሄደ። ብር ሲቆጥር ውሎ ማታ ዓይኑን ሲጨፍን የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው።

መልስ 2

ይሄኛው ኮምቦልቻ ነው ያለው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲከፈት ከገቡት አንዱ ነበር፤ አሁን ሌላ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት ይሠራል። ስሜት እስኪመጣ መጠበቅ ካቆመ ቆይቷል። ማሽን ላይ ተቆሞ አይጻፍም። ስለዚህ በቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይይዛል። ሰርቪስ ላይ ሲሳፈር ይጀምራታል፣ ማሽኑ ሲጮህ በሆዱ ይደጋግማታል፣ አንድ ቃል ይቀይርና እንደገና ይደጋግማታል። ምሳ ሲወጣ ከካርቶን በተቀደደች ወረቀት ጀርባ ላይ ያሰፍራታል። ወረቀቶቹን የሚያጠራቅመው በዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ጣሳው ሲሞላ ወለል ላይ ይዘረጋቸውና የትኛዋ ከየትኛዋ ጋር እንደምትሄድ ያያል። እስካሁን ሁለት ጣሳ ሞልቷል።

ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ሰዓት አለኝ ያልኩት እኔ ነኝ።

መልስ 3

2ኛውን አልተቀበለውም። ያለ ስሜት የተጻፈ ነገር እንደ ከረመ እንጀራ ድርቅ ይላል ባይ ነው። እሱ የሚጽፈው ሲከፋው ብቻ ነው። ሲከፋው ጦሳ ተራራ ግርጌ ድረስ በእግሩ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል እያየ ይቀመጣል፣ ሲመለስ ግጥም ይዞ ይመለሳል። በዓመት አራት ወይ አምስት ግጥም። ይበቃኛል ነው የሚለው። ለግጥም ልክ ሊሆን ይችላል። ለልብ ወለድ ግን አይመስለኝም፤ 200 ገጽ ሙሉ የሚከፋው ሰው መጀመሪያውኑ አይጽፍም።

መልስ 4

ነርስ ናት። ክሩን የያዘችው እሷ ነች፣ ሌሎቻችን ሁሉ የሷን ታሪክ እየተከተልን ነው የመጣነው።

የሌሊት ተረኛ ስትሆን ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ አንዳንዴ ዋርዱ ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ነው የምትጽፈው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ አንዲት ሴት ስትጽፍ ቆይታለች። ሴትዮዋ ደሴ መናኸሪያ ቆማለች። በነጠላ የተጠቀለለ ጀበና ታቅፋለች። የጀበናው አንገት ተሸርፏል። ኮምቦልቻ ልትሄድ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች መንገድ፣ ጠዋት ሄደው ከሰዓት የሚመለሱባት። ግን ሴትዮዋ አትሳፈርም። ረዳቱ ይጠራል፣ መኪናው ይሞላል፣ ይሄዳል። ሌላው ይገባል። እሷ እዚያው ናት። ነርሷ ልታሳፍራት በተቀመጠች ቁጥር ስልክ ይደወላል፣ በሽተኛ ይገባል፣ ደብተሩ ይዘጋል።

ከዚያ የጻፈችው ነገር ልቤን ነካው። ለመጻፍ የምትነሳው ተነሳሽነት ኖሯት አይደለም። ደክሟት ቤቷ ገብታ ስትተኛ ሴትዮዋ ብርድ ላይ መቆሟ ትዝ ይላታል። የደሴን ብርድ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። አላስችል ይላታል።

መልስ 5

አንዲት መስመር ብቻ። ሴትዮዋ ለምን እንደማትሳፈር ጠየቀ።

መልስ 6

ትልልቅ ጸሐፊዎችም ሥራ እንደነበራቸው ሊያስታውሰን ነው የመጣው። ፍራንዝ ካፍካን አነሳ። ካፍካ ፕራግ ውስጥ የሠራተኞች አደጋ መድን ቢሮ ተቀጣሪ ነበር። ቀን ቢሮ ውሎ ሌሊት ይጽፍ ነበር። በ1912 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በመስከረም አንድ ሌሊት፣ ቁጭ ባለበት አንድ ሙሉ አጭር ልብ ወለድ ጽፎ አነጋ። ካፍካ ከቻለ እኛም እንችላለን ነው ሐሳቡ።

መልስ 7

እርማት ይዞ መጣ፣ ትክክልም ነው። ካፍካ ከቢሮ የሚወጣው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። የእኛ መሥሪያ ቤት ከሰዓት የሚገባው 7:30፣ የሚወጣው 11:30 ነው። ካፍካ ምሳውን በልቶ፣ ተኝቶ፣ ተነስቶ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ሰው ስናወዳድር ሰዓቱንም እናወዳድር አለን። በትህትና ነው የጻፈው፣ 6ኛውም ተቀበለው። እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላም ነበር።

መልስ 8

መምህር ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ አይተኛም። ከመስጊድ ሲመለስ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፣ ልጆቹ አልተነሱም፣ ስልክ አይጮህም። ያን አንድ ሰዓት ለጽሑፍ ሰጥቶታል። ቀን ተማሪ ሳያደክመው፣ ጭንቅላቱ ንጹህ ሳለ መሆኑ ነው ጥቅሙ። ከዚያ አንቶኒ ትሮሎፕ የሚባለውን እንግሊዛዊ ጠቀሰ። ይሄ ሰው ፖስታ ቤት ነበር የሚሠራው። ንጋት 11:30 ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል፣ ሰዓቱን ፊቱ ያስቀምጣል፣ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይጽፋል። ሥራ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ እያለ በአሥር የሚቆጠሩ ልብ ወለዶች ጻፈ። እንዳይተኛ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አገልጋይ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ እየከፈለው ቡና ይዞ ይቀሰቅሰው ነበር።

8ኛው ይህችን የቡና ነገር ለጣዕም ነው የጨመራት። እሳቱ የተነሳው ግን ከሷ ነው።

መልስ 9

አንዲት እህት ናት። አልማረችውም። ሁላችሁም ጊዜ አለኝ፣ ጠዋት ጸጥ ይላል ትላላችሁ፤ ጸጥታውን ማን እንደሚያዘጋጅላችሁ ግን አታነሱም ነው ነገሯ። እንግሊዛዊው ቡና የሚያመጣለት ነበረው። እናንተም አላችሁ፣ ልዩነቱ 5 ፓውንድ አትከፍሉም። እሷም ሥራ ትውላለች። ከሥራ ገብታ ሊጥ ታያለች፣ ልጅ ታስጠናለች፣ ቡና ታፈላለች። አቦል ቶና በረካ ብላ ረከቦቱን ስታነሳ 4 ሰዓት ሆኗል። አንድ ልብ ወለድ በጭንቅላቷ ይዛ ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ አንድም ገጽ የላትም። ጸሐፊው ከ2 እስከ 4 ሰዓት የሚነካኝ የለም ያለው ለምን እንደማይነካ ቤቱን ይጠይቅ ብላ ዘጋች።

ጸሐፊው እኔ ነኝ። መልስ አልሰጠሁም ያን ማታ። ባለቤቴ ማጀት ዕቃ ስታጥብ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ሄጄ ጠየቅኳት፤ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ነጻ ብትሆን ምን እንደምታደርግበት። ሳታስብ እንደምትተኛ ነገረችኝ። ቀጥዬ ምንም መናገር አቃተኝ። ዕቃውን ተቀበልኳት።

መልስ 10

ለ9ኛዋ ተናዶ የመለሰ ነው። የጽሑፍ ወሬ ወደ ቤት ወሬ ተቀየረ ብሎ አማረረ። ወሬው ከቤት ነው የሚጀምረው፣ በዚህ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

መልስ 11

ከ9ኛዋ ጎን ቆመች፣ ግን መፍትሔም ይዛ መጣች። ከባሏ ጋር ተስማምተዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እሱ ነው እራት የሚያቀርበው፣ ልጅ የሚያስተኛው። እሷ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ዘግታ ታለቅስ ነበር፤ ምን እንደምትጽፍ ጠፍቷት። ወር ከሞላ በኋላ ነው እጇ የተፈታው። 9ኛዋን ከምሬት በፊት ቀን እንድትቆርጥ መከረቻት። ሁለት ቀን ብቻ፣ ግን የተቆረጠ ቀን።

መልስ 12

እዚህ ላይ ወሬው ወደ ጫት ሄደ። መቼም ወሎ ነው፣ ሳይነሳ አይቀርም። 12ኛው የሚጽፈው ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ላይ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሐሳቡ ክረምት ላይ እንዳለ የቦርከና ወንዝ ይሞላል፣ ብዕሩ አይቆምም። ሳምንቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ የሚረሳው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መልስ 13

ነገሩን በቁጣ ነው የያዘው። ታናሽ ወንድሙ በዚሁ በመጻፍ ሰበብ ጀምሮ ዛሬ ሥራም ጽሑፍም የለውም። ለወጣት እንዲህ ዓይነት ምክር መስጠት ሐጢያት ነው አለ። ቃሉ ከረር ያለ ነበር፣ 12ኛውም ከረር አድርጎ መለሰ። አልደግመውም። ሁለቱም በኋላ አጥፍተውታል።

መልስ 14

ነገሩን ያበረደው ይሄ ነው። እሱም ይቅም ነበር፣ ትቷል። የሚለው አንድ ነገር ነው። በምርቃና የጻፈውን ጠዋት ሲያነበው ገጹ ብዙ፣ ነገሩ ጥቂት ሆኖ ያገኘው ነበር። አሥር ገጽ ጽፎ የሚተርፈው ግማሽ ነው። ግማሿን ደግሞ በባዶ ሆዱም ይጽፋታል። ስድብ የለም፣ ስብከት የለም። 12ኛው ላይክ አደረገለት።

መልስ 15

ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁሉም ጋሼ እያለ ነው ያናገራቸው። የእሳቸው መልስ ረጅም ነው፣ እኔም አላሳጥረውም።

በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው። የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን ቁራሽ ሲለምን ይውላል። ውሻ ያባርረዋል፣ ዝናብ ይመታዋል። ይህ የዕለት ሥራው ነው፤ ደመወዝ በሉት እንጀራ በሉት። በዚህ መሀል ግን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በሆዱ ይፈጥራል። ዛፍ ሥር ይኮራመታል፣ ነጠላውን ፊቱ ላይ ይጥላል፣ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጀማሪ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ፣ ሁለት መስመር ማለት ነው። ሁለት ቤት ለማቅናት ቀኑ ሙሉ ይሄዳል። እያደገ ሄዶ፣ ዓመታት ቆጥሮ፣ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን ግን መወድስ የሚጠይቀው የለም።

ቀጥለው ጋሼ የነገሩን ነገር እኔ የጠፋብኝ ነበር። ማታ የኔታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ተማሪው የዕለቱን ቅኔ ይዞ መቅረብ አለበት። ሳይቆጥር የመጣ ያፍራል። ቆጥሮ የመጣ ሲያሰማ የኔታ ያርማሉ። ቃሉ ያልተገጣጠመ እንደሆነ ያስቆሙታል፣ ያማረ እንደሆነ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ጋሼ ያን የራስ መነቅነቅ 50 ዓመት አልረሱትም። ሁለት ቤት ይዞ ለመቅረብ የሚነዳው ስሜት አልነበረም፣ ማታ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነበር።

እኔ ተነሳሽነት የት አለ ብዬ ስጠይቅ የፈለግኩት በራሴ ውስጥ ነበር። ደብዳቤ ስጽፍ እጄ የማይቆመው ለምንድን ነው? ሥራ አስኪያጁ ስለሚጠብቅ ነው። ልብ ወለዴን ማንም አይጠብቅም። ለማንም አላነበብኩትም። ስድስት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ነው። የ4ኛዋ ነርስ ሴትዮዋ ትጠብቃታለች፣ የኔን እናት ግን ማንም አልጠበቃትም፣ እኔም ጭምር።

መልስ 16

ደስ ያለኝ አንዱ መልስ ነው። የወሎ ሸሆችም እንዲሁ እንደነበሩ አነሳ። ደረሳ ያስተምራሉ፣ ሰው ያስታርቃሉ፣ ያርሳሉ። በዚያው ላይ መንዙማ ይደርሳሉ፣ በአጀሚ፣ አማርኛውን በአረብኛ ፊደል ይጽፉታል። መንዙማው ሐድራ ላይ፣ ለዱዓ በተሰበሰበው ሰው ፊት ይባላል። ጀመዓው አዝማቹን ይቀበላል። ያልተቀበለው ይቀራል፣ የተቀበለው ከአፍ ወደ አፍ ዛሬ ድረስ ይመጣል። የጋሼን ሐሳብ ከእስልምናው በኩል ሞላው። ጋሼም ተመልሰው አመሰገኑት፣ መረቁት።

መልስ 17

አንዱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወሰደን። ገዳሙ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ብራና ሲጻፍበት የኖረ ቦታ መሆኑን፣ መነኮሳቱም ከጸሎትና ከሥራ በተረፈ ሰዓት ይጽፉ እንደነበር አነሳ። አንድ ሰው ወዲያው እዚያው ሥር፣ መገልበጥ ሌላ መድረስ ሌላ ነው ብሎ ለየለት። መለየቱ ልክ ነው። ሐሳቡ ግን ጥሩ ነበር።

መልስ 18

በዓሉ ግርማን አነሳ። በዓሉ ጋዜጠኛ ነበር፣ ኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን። ሥራው ወደ አሥመራ፣ ወደ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ወሰደው። ከዚያ ያየውን ነው ኦሮማይ የተባለው ልብ ወለዱ ያደረገው። ስለዚህ ሥራህን አትጥላ ነው ምክሩ፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዝበት ስብሰባ ውስጥ ሰው አለ፣ ሰውየው እንዴት እንደሚያስል፣ ማን ሲናገር ማን ጣሪያ እንደሚያይ ጻፍ። ይህ ምክር ጠቅሞኛል። መጽሐፉ የወጣበትን ዓመት ግን 1976 አለው።

መልስ 19

1975 ነው ብሎ አረመው። ከዚያ ዝም ቢል ጥሩ ነበር፣ ግን ዝም ማለትም የለበትም፤ በዓሉ በዚያ መጽሐፍ ምክንያት ከሥራው እንደተባረረ፣ በየካቲት 1976 ወጥቶ እንደቀረ ጨመረ። ሥራው ጽሑፉን መገበ ካልን ጽሑፉ ምን እንዳስከፈለውም እንናገር ነው ያለው። ለትንሽ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

መልስ 20

ዝምታውን የሰበረው ስለ ገንዘብ ነው፣ ስለታም ቃል ይዞ። ወረቀት ተወዷል፣ ማሳተሚያ የለም፣ ቢታተምም የሚገዛ የለም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው ማታ ማታ ኦቨርታይም ይግባ እንጂ ስለ ጀበና አይጻፍ አለ። ነርሷን መንካቱ ብዙ ሰው አስቆጣ። እኔንም። ግን ስለ ገንዘቡ ያለው ውሸት አይደለም። ኑሮው እንዲህ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ሌላ ነገር እየተወ ነው የሚጽፈው። ይህን የማያውቅ እዚህ ክር ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

መልስ 21

ይሄኛው ለ20ኛው መልስ ሆኖ የጀመረ ነው። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ልጆቹን ይዞ ከደሴ ወጣ። ሁለት ደብተር ሙሉ የተጻፈ ልብ ወለድ ነበረው። ባለ 100 ሉክ ደብተር፣ ሽፋኑ ሰማያዊ። ትራስ ሥር ትቶት ነው የወጣው፤ ለልጅ ብርድ ልብስ መያዝ ነበረበት። ሲመለስ ቤቱ ነበር፣ ደብተሮቹ አልነበሩም። ማን ምን እንዳደረጋቸው አያውቅም። ሰው የሞተበት አለና ስለ ደብተር ማልቀስ አፈረ። ለማንም አልነገረም። ሦስት ዓመት አልጻፈም። አሁን ከትዝታው ሊመልሰው ሞከረ። የሰዎቹ ስም ይመጣል፣ የሰፈሩ መንገድ ይመጣል። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን አይመጡም። አንዲት ብቻ ናት የመጣችለት፣ እሷን ጽፎ ከሷ ጀምሯል። ስለ ገንዘብ ለሚጠይቀው የሚሰጠው መልስ፣ ያ ደብተር አንድ ሳንቲም አያወጣም ነበር፣ እስካሁን ግን ይፈልገዋል።

መልስ 22

አብሽር ከሚል ቃል በስተቀር ምንም አልጻፈም። ሌላ ምን ይጻፋል?

እዚያው ሥር አንድ ሰው የ21ኛውን የፊደል ስህተት ሊያርም መጣ፣ የሀሌታውን ሀ እና የሐመሩን ሐ። ጋሼ ራሳቸው በጨዋ ቃል ቦታው እንዳልሆነ ነገሩት። አጠፋው። ሌላ አንዱ ደግሞ የሚጠቅም ነገር ጣል አድርጎ ሄደ። በደብተር የምትጽፉ በየቀኑ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩ፣ ስልክ ቢጠፋም ከሌላ ስልክ ይገኛል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አደርገዋለሁ። እናንተም አድርጉ፣ እባካችሁ።

መልስ 23

9ኛዋ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ቃሏ ለስልሷል። ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ የምንችል ሰዎች ተገናኝተን ገጽ ገጽ እንድናነብ ሐሳብ አቀረበች። ልጅ ያላት ልጇን ይዛ ትመጣለች። የመጣ ሁሉ ቢያንስ ሁለት መስመር ይዞ መምጣት አለበት፣ እንደ ጉባኤ ቃናው። ባዶ እጅ ማዳመጥ የለም። ጋሼ የኔታ ይሁኑልን አለች። ጋሼ የኔታነቱን ባይቀበሉም እንደሚመጡ ተናገሩ። ኮምቦልቻ ያሉት ብርዱ አይቻልምና እኛ ጋ ይሁን ብለው ነበር፣ አንድ ጊዜ ደሴ አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ በሚል ታረቁ። እስካሁን ሰባት ሰው ነን። 11ኛዋ ባሏን ይዛ ትመጣለች፣ እሱም ለካ ግጥም ይሞክራል።

ለዚህ ቅዳሜ ብዬ ያቺን የእናትየዋን ገጽ አወጣሁ። የተናገረችውን ሁሉ ሰረዝኩት። አሁን ምንም አትልም። ከመቀነቷ ጫፍ ያለችውን ቋጠሮ በጥርሷ ትፈታለች፣ ብሯን ታወጣለች፣ የልጇን ነጠላ ጫፍ ስባ እዚያ ላይ ትቋጥራለች። ቋጠሮው አልጠብቅ ይላታል። እንደገና ፈትታ ትቋጥራለች። ግማሽ ገጽ ነው። ግማሽ ገጹን አንድ ምሽት ሙሉ ጻፍኩት፣ ባለቤቴም ሰማችው። ቋጠሮው ሁለቴ መሆኑን ወዳዋለች።

መልስ 24

ነርሷ ናት። እሑድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የተጻፈ።

ሴትዮዋ ተሳፍራለች። ነርሷ ለምን ያን ጊዜ እንደሆነ አታውቅም። 5ኛው ለምን አትሳፈርም ብሎ ከጠየቃት ጀምሮ ሰው ባያት ቁጥር ይጠይቃት ጀመር፣ የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ። ዋርዱ ጸጥ ሲል ደብተሯን ከፈተች፣ ረዳቱ ተጣራ፣ ሴትዮዋ እግሯን አነሳች። መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ጀበናው ጭኗ ላይ ነው። መኪናው የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ ነው፣ ጉሙ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ሙቀት መጥቶ ነጠላውን ከጀበናው ላይ ገለጥ አድርጋለች። ከዚህ በኋላ ነርሷ ምንም የላትም። ኮምቦልቻን በደንብ አታውቀውም። ስለዚህ 2ኛውን ጠየቀችው፤ ሴትዮዋ መናኸሪያ ስትወርድ መጀመሪያ የምታየው ምን እንደሆነ፣ ማታ ከሆነ ደግሞ የትኛው ቡና ቤት ክፍት እንደሚሆን።

2ኛው ገና አልመለሰም። የሌሊት ሺፍት ላይ ነው።